ቀሚሱ ይታወሳል፣ ሱቁ ይረሳል
(በጉለሌ ለባህል አልባሳት ነጋዴዎችና ሸማኔዎች የቀረበ ዲስኩር)



አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ርዕስ «ዘመናዊ የገበያ ስልት ለአነስተኛ ነጋዴዎች» የሚል ነው። ሰፊ ርዕስ ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ የተሰጠው መምህር ብዙ ጊዜ ሰሌዳው ላይ አራት ሳጥን ይሥልና ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታ፣ ማስተዋወቅ ብሎ ይጽፋል። አሜሪካዊው ጀሮም ማካርቲ በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣው አከፋፈል ነው፤ ዛሬም ተማሪ ይሸመድደዋል። እኔም አስተምሬዋለሁ፣ አልጠላውም። ግን እናንተ ያላችሁበት ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ከሱቅ ሱቅ ስዘዋወር የማየው ትልቁ ጉድለት ከአራቱ ሳጥኖች በአንዱም ውስጥ አይገባልኝም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ባንኮችና ስለ ትልልቅ ፋብሪካዎች አላወራም። የማወራው ከስድስት ኪሎ ተነስቶ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ወደ እንጦጦ ስለሚወጣው ስለዚህ መንገድና በግራና በቀኙ ስለተደረደሩት ሱቆች ነው።

ሐሳቤን ከመነሻው ላስቀምጠው። የሽሮ ሜዳ ችግር ገዢ ማጣት አይደለም። የመጣውን ገዢ አለማስታወስ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለባለፈው ጥምቀት ቀሚስ ከሸጣችሁላቸው ሴቶች መካከል የአንዷን ስም ከነስልኳ ልትነግሩኝ የምትችሉ እጃችሁን አንሡ። … አያችሁ? የተነሡት እጆች ጥቂት ናቸው። እነዚያ ጥቂቶች ደግሞ፣ እወራረዳለሁ፣ ቀሚሱን የሸጡት ለዘመዳቸው ነው።

አሁን ነገሩን ከገዢዋ በኩል እንየው። ለመልሷ የለበሰችውን ቀሚስ ጓደኛዋ አይታ ወደደችው እንበል። «የት አሠራሽው?» ትላታለች። «ሽሮ ሜዳ» ይሆናል መልሱ። «የትኛው ሱቅ?» «እንጃ፣ ወደ ላይ ስትወጪ በግራ በኩል ካሉት አንዱ ነው። በር ላይ ቀይ ቀሚስ ሰቅለዋል።» በግራ በኩል ያሉት ሱቆች ስንት ናቸው? በራቸው ላይ ቀይ ቀሚስ ያልሰቀለውስ የትኛው ነው? ጓደኛዪቱ ትመጣለች፣ በር ላይ የቆመው ልጅ «እህት ግቢ፣ ግቢ እስቲ እዪው» ብሎ ይጠራታል፣ መጀመሪያ የጠራት ሱቅ ትገባለች። ያንን ቆንጆ ቀሚስ የሠራው ሰው ትርፉን ለጎረቤቱ ሰጠ ማለት ነው፤ መስጠቱንም አያውቅም። ቀሚሱ ይታወሳል፣ ሱቁ ይረሳል።

አንድ ቤተሰብ የሀገር ልብስ የሚገዛው አንዴ አይደለም። ዘንድሮ ሠርግና መልስ ካለ፣ ወደፊት የልጅ ክርስትና ይመጣል። ጥምቀት በየዓመቱ አለ። ፋሲካ አለ፣ እንቁጣጣሽ አለ። ልጅ ይመረቃል። አማች ጋቢ ይለብሳል። እናት ለሰንበት ነጠላ ትፈልጋለች። አንዲት ሙሽራ ከእናንተ ሱቅ ስትወጣ የብዙ ዓመት ገበያችሁን ይዛ እየወጣች ነው። እኛ ግን የምንሸኛት ዳግመኛ እንደማናገኛት ሰው ነው። ዳግመኛ አናገኛትም ብለን ስለምናስብም የዛሬዋን ዋጋ እስከ ጫፍ እንጎትታለን።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥቤ ደብተር ነው። ኮምፒዩተር አላልኩም። ሶፍትዌር አላልኩም። ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር። የሚጻፍበት የደንበኛዋ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ምን እንደገዛች፣ ለምን በዓል እንደገዛች፣ የጥለቱ ዓይነትና ቀለም፣ ከዚያ ልኳ ነው፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። ስልኳን ስትጠይቋት ምክንያቱን ንገሯት፤ «ልክሽን አስቀምጬልሽ ሁለተኛ መምጣት ሳያስፈልግሽ በስልክ ታዝዢኛለሽ» በሏት። ደስ ብሏት ትሰጣችኋለች። ካልፈለገች ተዉአት። የሰጠቻችሁን ቁጥር ግን በየሳምንቱ መልእክት መላኪያ አታድርጉት፤ በዓመት ሁለቴ፣ ሦስቴ ይበቃል።

ይህ ደብተር ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ውጭ ሀገር ካሉ ደንበኞች ጋር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ለንደን የምትኖረው እህታችን ክረምት ላይ መጥታ አንድ ቀሚስ አሠርታ ሄዳለች። እዚያ ሆና ለልጇ ክርስትና ሌላ ብትፈልግ ምን ታደርጋለች? አዲስ አበባ ያለች እህቷን ትልካለች። እህት በግምት ታሠራለች፣ ቀሚሱ በሰው እጅ ይላካል፣ ሲደርስ ትከሻው ይጠባል። ልኳ ደብተራችሁ ውስጥ ቢኖር ኖሮ አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃ ነበር። ለዚያች ሴት ከሽሮ ሜዳ ሱቆች ሁሉ እናንተ የተለያችሁ ትሆናላችሁ፤ ምክንያቱም ልኳን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። እንዲህ ያለውን ብልጫ ጎረቤት ዋጋ በመስበር ሊወስድባችሁ አይችልም።

ሁለተኛው ነጥብ ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁላችንም የምናውቀው ድራማ አለበት።

«ይሄ ስንት ነው?»
«እሱ ሳባ ነው የኔ እመቤት፣ አንደኛ ነው።»
«እኮ ስንት?»
«አንቺ ስንት አለሽ?»

ሳቃችሁ። ይኸው ድራማ አሁን ወደ ስልክ ተዛውሯል። ቴሌግራም ቻናል ትከፍታላችሁ፣ ያማረ ቀሚስ ትለጥፋላችሁ፣ ሥሩ «ዋጋ በኢንቦክስ» ትላላችሁ። ማታ ልጆቿን አስተኝታ ስልኳን የምታገላብጥ ሴት ኢንቦክስ ጽፋ፣ መልስ ጠብቃ፣ ተከራክራ አትገዛም። ዋጋ ወደተጻፈበት ቻናል ታልፋለች። ዋጋ መደበቅ ሱቅ ውስጥ ያዋጣ ይሆናል፤ ገዢዋ ታክሲ ተሳፍራ መጥታለች፣ ባዶ እጇን መመለስ አትፈልግም። ስልክ ላይ ግን ለማለፍ የሚያስፈልጋት አንድ ጣት ነው። ደግሞም ነገሩ የሕግ ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዝዛል።

«ዋጋ ብለጥፍ ጎረቤቴ አይቶ ይሰብርብኛል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይሰብር ይሆናል። ግን ለምን እንደሚሰብር እንመልከት። የሚሳካለት ገዢዋ የአንዱ ቀሚስ ዋጋ የሌላው እጥፍ የሆነበትን ምክንያት ስለማታውቅ ነው። ነጋዴው ጫማዋን አይቶ ዋጋ የጠራባት ይመስላታል። እስቲ ሦስት ቀሚስ ጎን ለጎን ስቀሉና ምክንያቱን ጻፉላት። ይኸኛው በፋብሪካ ክር የተሠራ፣ ጥለቱ ጠባብ፣ ለዕለት የሚለበስ። ይኸኛው መነን፣ ጥለቱ ሰፋ ያለ። ይኸኛው በእጅ በተፈተለ ጥጥ የተሸመነ፣ ሸማኔው ሳምንታት የተቀመጠበት፣ ለሙሽራ የሚሆን። ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል ይባል የለ? እንግዲያው በየፈርጁም ይሸጥ። ምክንያቱ የተነገራት ገዢ ወይ በአቅሟ ትመርጣለች፣ ወይ ደግሞ ትንሽ ጨምራ የተሻለውን ትወስዳለች። ምክንያቱ ያልተነገራት ገዢ የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ቀንስ»።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ጥለት መስሎ በማተሚያ የተመታ፣ ከውጭ የገባ ጨርቅ ከእናንተ ሥራ ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። ከሩቅ ሲታይ ያታልላል። ስለዚህ ፎቶ ስታነሡ ፊት ለፊቱን ብቻ አታሳዩ። ጠርዙን ገልብጡትና ጀርባውን አሳዩ። የታተመው ጀርባው ደብዝዞ ይታያል፤ የተሸመነው ክሩ ሲገባና ሲወጣ ይቆጠራል። በጣት ተነክቶ የሚታወቀውን ነገር በፎቶ ማሳየት ከባድ ነው፣ ጀርባው ግን ይመሰክራል። ሻጭ ሆናችሁ የታተመውንም የምትሸጡ ከሆነ፣ የታተመ ነው ብላችሁ ሽጡ። የሚፈልገው ሰው አለ። ፈትል ነው ብላችሁ ከሸጣችሁት ግን በመጀመሪያው እጥበት ትጋለጣላችሁ፤ አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004ም ይከለክላል።

ፎቶ ካነሣሁ አይቀር አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። የሀገር ልብስ ነጭ ነው፣ ነጭ ደግሞ ለካሜራ አስቸጋሪ ነው። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ስታነሡት ወይ ቢጫ ይሆናል ወይ ሰማያዊ ይመታዋል። ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ስታነሡት ደግሞ ይነጣና የሽመናው ዓይን ይጠፋል። ጠዋት፣ ከሱቁ ደጃፍ፣ ጥላ ውስጥ አንሡት። አንድ ጊዜ ሙሉውን፣ አንድ ጊዜ ጥለቱን በጣም ቀርባችሁ፣ አንድ ጊዜ ሰው ለብሶት። ከኢንተርኔት የወረደ የሞዴል ፎቶ አትለጥፉ። ገዢዋ ሲደርሳት «ፎቶው ላይ ያየሁት አይደለም» የምትለው ቀሚስ ከመመለሱም በላይ ጉዳት አለው፤ ያችው ሴት ያንን ቃል ለስንቱ እንደምትናገር አስቡት።

የማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያን በተመለከተ አጭር ልሁን። ብዙዎቻችሁ ቲክቶክ ላይ ለታዋቂ ሰው ከፍለን እናስተዋውቅ ወይስ ፌስቡክ ላይ ልጥፋችንን በክፍያ እናሰራጭ፣ ቡስት እናድርግ ትላላችሁ። ቡስት የሚከፈለው በዶላር ነው፣ አብዛኛው አነስተኛ ነጋዴ በመካከለኛ ሰው በኩል ይከፍላል፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ በዶላር ፊት ምን ያህል እንደረከሰ ለእናንተ አልነግራችሁም። የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ደብተር የሌለው ሱቅ ለማስታወቂያ ገንዘብ አያውጣ። ያመጣውን ሰው መልሶ ያጣዋልና። ከፍላችሁ ሰው ከምታስጨፍሩ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን ሲወረውር የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። ሙዚቃ አትጨምሩበት፤ የእንጨቱ ድምፅ ይበቃዋል። በርሜንግሃምም ሆነ ቦሌ ያለ ሰው ያንን አይቶ «እንዲህ ነው እንዴ የሚሠራው?» ይላል። ዋጋውን የምታስረዱት ያኔ ነው።

የስልክ ክፍያም ቀሏል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስንቶቻችን ተጠራጠርን? ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት ኢትዮ ቴሌኮም አስታውቋል። ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. ተከትሎ ገብቷል። የምላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስክሪንሹት ገንዘብ አይደለም። ገንዘቡ መግባቱን በራሳችሁ ስልክ ሳታዩ ቀሚሱን ለሚያደርሰው ሞተረኛ አትስጡ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልግባ፣ እሱም የቀን መቁጠሪያ ነው። የትኛውም የውጭ መጽሐፍ ስለ ገበያ ሲያስተምር የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። እኛ ግን «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብለን የምንተርት ሕዝብ ነን። ስለ ወቅታዊ ፍላጎት ከዚህ የበለጠ አጭር ትምህርት የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ሊሰጣችሁ አይችልም። ችግሩ ተረቱን ገዢዋ ስትጠቀምበት ሻጩ አለመጠቀሙ ነው። ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ሽሮ ሜዳ መተንፈሻ የለውም፤ ሸማኔው ሌሊት ይሠራል፣ ሰፊው «ነገ ነይ» ይላል፣ ነገ ደግሞ «ከሰዓት» ይላል። ከጥምቀት ማግሥት የደረሰ ቀሚስ ምን ይሠራል? ያች ሴት ቀሚሱን ትወስድ ይሆናል፣ እናንተን ግን አትመርቅም።

ደብተሩ እዚህ ላይ ይመለሳል። ኅዳር ላይ ስልክ አንሡና ደውሉ። «እንደምን ከረምሽ፣ አምና ለጥምቀት ሠርተንልሽ ነበር፣ ዘንድሮ የምትፈልጊው ካለ እስከ ኅዳር መጨረሻ እዘዢ፣ ለገና አድርሼልሽ በዓሉን ተረጋግተሽ ትጠብቂያለሽ።» ቀደም ብላ ላዘዘች ትንሽ ቅናሽ አድርጉላት። ቅናሹ ከኪሳችሁ የወጣ ይመስላችኋል፤ ሥራው ከተጨናነቀው ወር ወደ ቀዝቃዛው ወር ስለተዛወረ ግን ሸማኔውም ሰፊውም ሳይጣደፉ ይሠራሉ፣ የሚበላሽ ሥራም ይቀንሳል። የበዓል ቀብድ የተቀበላችሁበትን ቀን ሳይሆን የምታስረክቡበትን ቀን በደማቅ ጻፉ።

የሰፈር ወጣቶችንና የጓደኛሞችን ነገር አትርሱ። ለጥምቀት ተመሳሳይ ልብስ አሠርተው የሚወጡት በየዓመቱ እየበዙ ነው። ለእነሱ የሚሸጠው አንድ ቀሚስ አይደለም፣ ሃያ ወይም ሠላሳ ነው፤ የሚወስነው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ አስተባባሪ ነው። ያን አስተባባሪ ታውቁታላችሁ? ኅዳር 29 ቀን የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር ትምህርት ቤቶች ልጆችን በየባህላቸው ያለብሳሉ፤ የርእሰ መምህሩን ስልክ የያዘ ነጋዴ ከናንተ ውስጥ ማን ነው? እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ወደ ላይ ከሚወጣው መኪና ብዙው በእናንተ ደጅ ያልፋል። ከስድስት ኪሎ ሙዚየም የወጣው ጎብኚም እንዲሁ። ያልፋል እንጂ አይቆምም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከመንገዱ የሚታየው የተደረደረ ልብስ ነው፣ በአንድ ሱቅና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት ከመኪና መስኮት አይታይም። ሁለት ሦስት ሱቅ ተባብሮ አንድ ሸማኔ ከነዕቃው መንገድ ዳር ቢያስቀምጥ መኪናው ይቆማል።

የመጨረሻው ነጥቤ ስም ነው፤ ከሁሉ የሚከብደኝም እሱ ነው።

ሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ልብስ የሠሩት እጆች አብዛኞቹ የዶርዜ እጆች ናቸው። አባቶቻቸው ከጋሞ ተራሮች መጥተው በዚህ እንጦጦ ሥር ከሰፈሩ ዘመናት አልፈዋል። ሀገሩ ሁሉ ሥራቸውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ሠርግ ይደግሳል፣ ሬሳ ይቀብራል። ሸማኔ የሚለውን ቃል ግን ስድብ አድርጎ የኖረውም ይኸው ለባሹ ነው። ዛሬም ቀሚሱ ላይ የሠሪው ስም የለም። ሸማኔው የሠራውን ማን እንደለበሰው አያውቅም፣ ለባሿም ማን እንደሠራላት አታውቅም። ይህ የክብር ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም ነው። ስም የሌለው ዕቃ የሚለካው በዋጋው ብቻ ነውና።

ስም ያወጡ ምን እንዳገኙ እንመልከት። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ተነሥታ ሁላችን የምናውቀውን በረባሶ፣ የጎማ ጫማ፣ ሶልሬብልስ የሚል ስም ሰጥታ የዓለም ገበያ አስገባችው። ሞዴል ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. ለምለም የተባለውን ድርጅት ስትመሠርት የተነሣችው ገበያ ካጡ የሀገራችን ሸማኔዎች ነው። ሀገራችንም ራሷ በስም ተከራክራለች፤ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት አስመዘግባለሁ ብላ ከስታርባክስ ጋር ስትሟገት ቆይታ በ1999 ዓ.ም. ተስማማች። ቡናው ከዚያ በፊትም ያው ቡና ነበር። ክርክሩ የነበረው የስሙ ባለቤት ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

ከእናንተ የምጠብቀው ግን ትንሽ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ቀሚስ ጋር አንዲት ካርድ ስጡ። ፊቷ ላይ የሱቁ ስምና ስልክ፣ ከሥሩ «የሸመነው» ተብሎ የሸማኔው ስም፣ በፈቃዱ። ጀርባዋ ላይ አስተጣጠቡ፤ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ በረኪና፣ ሳይጨመቅ፣ ጥላ ውስጥ ይሰጣ። ያች ካርድ ቁም ሣጥን ውስጥ ከቀሚሱ ጋር ትቀመጣለች። ጓደኛ «የት አሠራሽው?» ስትል መልሱ «እንጃ» መሆኑ ይቀራል። ስማችሁ እየታወቀ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሳይቀድማችሁ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቡት፤ የንግድ ምልክት አዋጁ ቁጥር 501/1998 መብቱን የሚሰጠው ላስመዘገበ ነው። ለአንድ ሱቅ ከከበደ ደግሞ ብዙ ሆናችሁ አንድ የጋራ ምልክት ማስመዝገብን ተመካከሩበት፤ የተሸመነውን ከታተመው የሚለይ፣ ሽሮ ሜዳ የሚል።

እናንተ ነጋዴዎች፣ ለሸማኔዎቻችሁ ስም መስጠት ሌላው ነጋዴ እንዲያባብላቸው በር የሚከፍት መስሎ እንደሚያስፈራችሁ ይገባኛል። እውነት ነው፣ ይከፍታል። መልሱ ስሙን መደበቅ ሳይሆን የሚገባውን መክፈል ነው። ጥሩ ሸማኔ ያለው ሱቅና ጥሩ ሸማኔውን በአግባቡ የያዘ ሱቅ አንድ አይደሉም፤ ገዢም ልዩነቱን ውሎ አድሮ ያውቀዋል።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ነገር ብቻ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ቴሌግራም ቻናል አትክፈቱ፣ ገና ምንም አትለጥፉ። ደብተር ግዙ። ነገ ጠዋት ለሚገባው የመጀመሪያ ደንበኛ ዋጋውን ከነምክንያቱ ንገሩት፣ ስሙንና ልኩን ጻፉ፣ ኅዳር ሲገባ ደውሉለት። አሁን ጥያቄ ካላችሁ ልስማ፤ በተለይ የሸማኔዎቹን ጥያቄ በመጀመሪያ።